ደሴ ላይ የሚያጨስ፣ ኮምቦልቻ ላይ የሚሻለው ካርቡሬተር

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

የዚህ እትም ጥያቄዎች በሙሉ ከደሴና ከኮምቦልቻ የተላኩ ናቸው። ሁሉም ስለ አሮጌ መኪና ካርቡሬተር፣ ማለትም ቤንዚንን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ለሞተሩ ስለሚሰጠው ዕቃ፣ ይጠይቃሉ። ጠያቂዎቹ ሥራውን ግቢያቸው ውስጥ ራሳቸው ሊሠሩት ስላሰቡ፣ መልሱን እስከ መፍቻ ቁጥሩና እስከ ሚሊሜትሩ ድረስ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባለ 1600 ሞተር ቮልስ አለችኝ፤ ካርቡሬተሯ ላይ «34 ፒክት 3» የሚል ተቀርጾበታል። ደሴ ላይ ጥቁር ጭስ ታወጣለች፤ ቤንዚን አይበቃትም፤ ጠዋት ኮፈኑን ስከፍት ቤንዚን ይሸተኛል። ኮምቦልቻ ስወርድ ጭሱ ይቀንሳል። መካኒኩ «ካርቡሬተሩ ሞቷል፣ ይቀየር» አለኝ። እውነት ሞቷል?
(የቮልስ ባለቤት፣ ከደሴ)

መልስ፦ አይመስለንም። «ሞቷል» የሚባለው ፍርድ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው የካርቡሬተሩ ክዳን ገና ሳይከፈት ነው። ደብዳቤዎ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ተደባልቀዋል፤ እንለያቸው።

አንዱ ከፍታው ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ደሴ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ነው። ካርቡሬተር ግን አየሩ መሳሳቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ለከባዱ አየር በተበሳ ቀዳዳ ለቀላሉም አየር ቤንዚን ይሰጣል። ፋብሪካው ባወጣው ጄት (ቤንዚን በልክ የሚያልፍበት ትንሽ ባለ ቀዳዳ ብሎን) ሲሠራ ደሴ ላይ 13 በመቶ ያህል፣ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ከ9 እስከ 10 በመቶ ያህል ትርፍ ቤንዚን ይገባል። ቁልቁል ሲወርዱ ጭሱ የሚቀንሰው ለዚህ ነው።

ይህ ትርፍ ብቻውን ግን ያን ያህል አያስጨስም፤ ጠዋት የሚሸተውም ቤንዚን ከከፍታ ጋር አይገናኝም። ሞተሩ ጠፍቶ ባደረበት ቤንዚን ከሸተተ አንድ ቦታ ሞልቶ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጥተው ያሽትቱት። ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን ካለ፣ ወይም መጠኑ ከላይኛው ምልክት ካለፈ፣ መኪናዋን አያስነሷት። ቤንዚን በፒስተኑ ቀለበት በኩል ወርዶ ዘይቱን አቅጥኖታል፤ በቀጠነ ዘይት የተነዳ ሞተር ደግሞ ብሮንዚናውን (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበትን ማቀፊያ) ይበላል። ጥገናው ካለቀ በኋላ ዘይቱን ይቀይሩ፤ ለቮልስ 2.5 ሊትር ይበቃል።

አሁን ወደ ሥራው። መፍቻ ከማንሳትዎ በፊት ቾኩን (ቀዝቃዛ ሞተር እንዲነሳ አየሩን የሚያፍነውን ክፍል) ይዩ። ይህ ካርቡሬተር ቾኩ በኤሌክትሪክ ሙቀት የሚከፈት ነው፤ በስተቀኝ ጎኑ አንዲት ሽቦ የገባችበት ክብ ሸክላ አለ። ሽቦዋ ወልቃ ወይም ተበጥሳ ከሆነ ከላይ ያለው ክዳን መሰል ቅጠል ቀኑን ሙሉ እንደተዘጋ ይውላል፤ መኪናዋም ቀኑን ሙሉ ታጨሳለች። የአየር ማጣሪያውን ያውልቁ፤ ቀዝቃዛ ሞተር አስነስተው ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይጠብቁ። ቅጠሏ ቀስ በቀስ ተነስታ ቀጥ ብላ መቆም አለባት። ካልቆመች ችግሩን አገኙት፤ ወጪው የአንዲት ሽቦ ነው። ሽቦዋ ደህና ሆና ቅጠሏ ካልተከፈተች ሸክላውን የያዙትን ሦስት ብሎኖች ያላሉና በጠርዙ ላይ ያለውን ጭረት ከመካከለኛው ምልክት ጋር አግጥመው ያጥብቁ።

ቾኩ ደህና ከሆነ ክዳኑ ይከፈታል። ከዚያ በፊት የባትሪውን ማሳ (የኔጋቲቩን ገመድ) ይንቀሉ፤ መኪናዋ ከቤት ውጭ ትሁን፤ ከሰል የተያያዘበት ምድጃ፣ ቡና የሚፈላበትም ቢሆን፣ በአቅራቢያ አይኑር። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ሄዶ እሳቱን ያገኘዋል። የቤንዚን ጎማውን ነቅለው 6 ሚሊሜትር ብሎን ይወትፉበት። ካርቡሬተሩን ከሞተሩ ማውረድ አያስፈልግም፤ ክዳኑን የያዙት አምስት ብሎኖች ሲፈቱ ክዳኑ ብቻውን ይነሳል።

ክዳኑን ገልብጠው ሲያዩት ቤንዚኑ ሲሞላ መግቢያውን የሚዘጋው መርፌ ቫልቭ አለ፤ በ14 ቁጥር መፍቻ ይፈታል። የመርፌዋን ጫፍ በጥፍርዎ ይዳብሱት። ጥፍርዎን የሚይዝ ቀለበት መሰል ጭረት ካለ ቫልቩ አርጅቷል፤ ይቀየራል እንጂ አይሞረድም። ጭረት ከሌለ በቤንዚን አጥበው ካደረቁ በኋላ መርፌዋን በጣትዎ ቀለል አድርገው ተጭነው በሌላው በኩል ይንፉ። ምንም ማለፍ የለበትም። ቫልቩ ደህና ሆኖ የሚሞላ ከሆነ ደግሞ ቤንዚኑ ላይ ተንሳፍፎ መርፌዋን የሚገፋውን ተንሳፋፊ ከጆሮዎ አስጠግተው ያወዛውዙት። ውስጡ የሚንቦጫቦጭ ነገር ከሰሙ ቤንዚን ገብቶበታል፤ የከበደ ተንሳፋፊ ቫልቩን ሊዘጋ አይችልም።

ከቫልቩ ሥር ያለችውን ሮንዴላ አይጣሏት። የቤንዚኑን ከፍታ የምትወስነው እሷ ናት። ወፍራም ሮንዴላ ቫልቩን ዝቅ ስለሚያደርገው ቶሎ ይዘጋል፤ ከፍታውም ይቀንሳል። ከ0.5 እስከ 1.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው አሉ። ሮንዴላ ሳይደረግ የተገጠመ ቫልቭ ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ እንዲህ ከሆነ ሌላ ምክንያት መፈለግ አያስፈልግም።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም የሚሞላ ከሆነ ፓምፑን ይጠርጥሩ። አንዳንድ አዲስ ፓምፖች ግፊታቸው ከልክ በላይ ስለሆነ ጤነኛውን መርፌ ገፍተው ይከፍቱታል። የፓምፑ መግፊያ ዘንግ ከመቀመጫው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) በላይ የሚወጣው 13 ሚሊሜትር ቢበዛ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ከሥሩ አንድ ተጨማሪ ጓርኒሲዮን ማንጠፍ ነው።

ክዳኑን ከመመለስዎ በፊት አንድ ነገር። ቤንዚን የሚገባባት የነሐስ ቱቦ ክዳኑ ውስጥ ተመትታ የገባች ናት፤ ብሎን የላትም። በጣትዎ ሲያዞሯት ከዞረች ወይም ከተወዛወዘች በቀጭን መዶሻ እንደገና ተመትታ መጥበቅ አለባት፤ ካልጠበቀችም ክዳኑ ይቀየር። ይህች ቱቦ መንገድ ላይ ስትወጣ ቤንዚኑ የሚረጨው በቀጥታ በጋለ ሞተርና በካንዴላ ገመድ ላይ ነው፤ ብዙ ቮልስ የተቃጠለው በዚህ ነው። የቤንዚን ማጣሪያውንም ሞተሩ ክፍል ውስጥ አያንጠልጥሉት፤ ከፊት ከሰርባቶው (ከቤንዚን ጋኑ) ሥር ይሁን።

አሁን ከፍታው ላይ እንመለስ። ዋናው ጄት ላይ ያለው ቁጥር የቀዳዳው ስፋት ነው፤ 127.5 ማለት 1.275 ሚሊሜትር። ቤንዚኑን 12 በመቶ ገደማ ለመቀነስ ስፋቱ በ6 በመቶ መቀነስ አለበት፤ 127.5 የነበረው ወደ 120 ይወርዳል። ለኮምቦልቻ 122.5 ይስማማል። ሁለቱን ከተሞች ለሚያመላልስ ሰው እኛ 122.5ን እንመርጣለን፤ ደሴ ላይ ትንሽ ቢበዛ ይሻላል እንጂ ቆላ ወርዶ ቢያንስ ጉዳት አለው። አነስተኛ ጄት ካላገኙ የድሮውን በሊድ ደፍኖ እንደገና መብሳት የሚሉ አሉ፤ አይሞክሩት። በእጅ የተበሳ ቀዳዳ ክብ አይሆንም።

በመጨረሻ ሚኒሞው፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት። በካርቡሬተሩ በግራ በኩል አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ብሎን አለ። ሁለቱንም እስኪነኩ ብቻ ቀስ ብለው ያስገቡና እያንዳንዳቸውን ሁለት ዙር ተኩል ይመልሱ። ትንሹን ተጭነው ካጠበቁት ጫፉ ይቀረጻል፤ ከዚያ በኋላ ምንም ቢያዞሩት አይስተካከልም። ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ በትልቁ ብሎን ፍጥነቱን በደቂቃ ወደ 850 ዙር ያምጡ። ትንሹን ሞተሩ በጣም ፈጥኖ እስኪዞር ድረስ ይፈልጉለት፤ ከዚያ ፍጥነቱ ትንሽ፣ ከ25 እስከ 30 ዙር ያህል፣ እስኪወርድ ወደ ውስጥ ይመልሱት። እንደገና በትልቁ 850 ላይ ያቁሙት። ከነዳጅ ገመዱ ጋር የተያያዘውን ብሎን እያዞሩ ሚኒሞ ማስተካከል በየመንደሩ የተለመደ ነው፤ በዚህ ካርቡሬተር ግን ስሕተት ነው። እሱ የታችኛዋ የነዳጅ ቅጠል እንዳትነክስ ብቻ የተቀመጠ ነው፤ ከነካ በኋላ ሩብ ዙር ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም። ላዳ አለኝ። ካርቡሬተሩ ከአንድም ሁለት ሦስቴ ተፈታትቷል። ሚኒሞ አትይዝም፤ ወይ ትጮኻለች ወይ ትጠፋለች። ክዳኑን ከያዙት ብሎኖች አንዱ ጥርሱ ተልጧል፤ ዙሪያውን በሲሊኮን ለጥፈውታል። ቤት ውስጥ ልጠግነው እችላለሁ?
(የላዳ ባለቤት፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም፤ አብሽሩ፣ ይቻላል። መጀመሪያ ግን ሲሊኮኑን በሙሉ ልጠው ያውጡ። ሲሊኮን ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፤ ክር ክር እየሆነ ተቆርጦ ጄቱን ይደፍናል። የሚኒሞው ጄት ቀዳዳ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ የፀጉር ያህል ቁራጭ ይበቃዋል። የጋዝ ቧንቧ ላይ የሚጠመጠመው ነጭ ቴፕም እንዲሁ ነው። ካርቡሬተር ላይ የሚገባው የወረቀት ጓርኒሲዮን ብቻ ነው፤ ካላገኙ የጓርኒሲዮን ወረቀት ገዝተው በአሮጌው ልክ ይቁረጡ፤ ቀዳዳዎቹን በመቀስ ሳይሆን በመብሻ ይብሱ።

ሚኒሞ አለመያዝ ማለት ሞተሩ ካርቡሬተሩ ያልለካውን አየር ከሌላ ቦታ ይስባል ማለት ነው፤ ከሌላው ሁሉ በላይ የሚያጠራጥረው ይህ ነው። ከየት እንደሚስብ ለማወቅ በስሪንጅ የሳሙና ውሃ ይያዙ። ሞተሩ እየሠራ ካርቡሬተሩ ከሞተሩ ጋር በተጋጠመበት ዙሪያ፣ ከዚያም በነዳጅ ቅጠሉ ዘንግ ሁለት ጫፎች ላይ ጠብ ጠብ ያድርጉ። ድምፁ የተለወጠበት ቦታ ነው የሚስበው። ይህን ሥራ በቤንዚን የሚሠሩ አሉ፤ በጋለ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) አጠገብ ቤንዚን መርጨት ምን እንደሚያስከትል መንገር አያሻም።

ድምፁ የተለወጠው መጋጠሚያው ላይ ከሆነ የታችኛው ሳህን ጠምሟል። ላዳ ላይ ይህ የሚመጣው ሞተሩ እንደጋለ ዳዶዎቹን አለልክ በማጥበቅ ነው። አራቱን ዳዶዎች በ13 ቁጥር መፍቻ ይፍቱና ካርቡሬተሩን ያውርዱ። ወዲያው የማኒፎልዱን (ቤንዚንና አየሩ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገባበትን ቱቦ) አፍ በንጹሕ ጨርቅ ይወትፉት፤ አንዲት ሮንዴላ ከገባችበት ሞተሩ ሊወርድ ነው። የብረት ማስመሪያ በሳህኑ ላይ በጠርዙ ያቁሙና ከጀርባው መብራት ያብሩ። በሥሩ ብርሃን ካለፈ ጠምሟል። አንድ ወፍራም የመስኮት መስታወት ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ያድርጉ፤ 240 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ያንጥፉበት፤ ካርቡሬተሩን እኩል ተጭነው የ8 ቅርጽ እየሠሩ ያሹት። በየጥቂቱ ያንሱና ይዩ፤ ያልተነካው ቦታ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ የተነካው ያበራል። ሙሉ በሙሉ ሲያበራ በ400 ቁጥር ይጨርሱ። ዓላማው ማስተካከል ነው እንጂ ማሳነስ አይደለም፤ ከግማሽ ሚሊሜትር በላይ የሚፈልግ ከሆነ ወደ ቶርኖ ቤት ይውሰዱት። በካርቡሬተሩና በማኒፎልዱ መካከል ያለውን ወፍራም የሙቀት መከላከያ ሳህንም በዚያው ያሹት፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሲመልሱ ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን፤ ዳዶዎቹን በሰያፍ እያፈራረቁ ያጥብቁ። ፋብሪካው የሚለው ከ1.3 እስከ 1.6 ኪሎ ግራም ሜትር ነው፤ በአጭር መፍቻ በአንድ እጅ ማጥበቅ ማለት ነው።

ድምፁ የተለወጠው ዘንጉ ጫፍ ላይ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ዘንጉን ወደ ላይና ወደ ታች ያወዛውዙት፤ በዓይን የሚታይ ልቅነት ካለው የካርቡሬተሩ አካል ተበልቷል። ቶርኖ ቤት ቀዳዳውን አስፍተው የነሐስ ቡሽ እንዲያስገቡለት ማድረግ ይቻላል፤ ቅጠሏን የያዙትን ሁለት ብሎኖች ግን ራስዎ በጥንቃቄ ይፍቱ። ጀርባቸው እንዳይላሉ ተብሎ ተቀጥቅጧል፤ መጀመሪያ ያን የተቀጠቀጠ ጫፍ በቀጭን ሞረድ ያንሱለት፤ አለበለዚያ ዘንጉ ውስጥ ይቆረጣል። ሲመልሱ እንደገና መቀጥቀጥ ወይም የብሎን ማጣበቂያ ማድረግ ግድ ነው። የላላ ብሎን የሚወድቀው በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ነው።

የተላጠው ጥርስ ቀላል ነው። አካሉ የዚንክ ቅይጥ ስለሆነ ለስላሳ ነው፤ 5 ሚሊሜትር የነበረውን ወደ 6 ሚሊሜትር አስፍቶ አዲስ ጥርስ ማውጣት ይቻላል፤ ክዳኑም ላይ ቀዳዳውን በዚያው ልክ ማስፋት ነው። ጥርስ ማውጫውን ግማሽ ዙር አስገብተው ሩብ ዙር እየመለሱ፣ በላምባ እያረጠቡ ይሥሩ። ይህን ቅይጥ ለመበየድ የሚሞክር ካለ እሺ አይበሉ፤ 390 ዲግሪ ሳይሞላ ይቀልጣል፤ የብየዳው እሳት ቀዳዳውን ሳይሆን ካርቡሬተሩን ይዞ ይሄዳል።

አንዴ ከፈቱት ዘንድ ተንሳፋፊውንም ይለኩ። የላዳ ተንሳፋፊ ነሐስ ነው። ሙቅ ውሃ ውስጥ ጫን አድርገው ይንከሩት፤ አረፋ ከወጣው ተበስቷል። የወጣበትን ቦታ ምልክት አድርገው፣ ውስጡ ያለውን ቤንዚን አስወጥተው፣ ሙሉ በሙሉ ካደረቁ በኋላ በሊድ ይደፍኑት። እርጥብ ሆኖ ካውያ ከነካው ይፈነዳል። ሊዱ ከበዛ ደግሞ ይከብዳል፤ ክብደቱ ከ11 እስከ 13 ግራም መሆን አለበት። የሰፈር ሚዛን ይህን አይለካም፤ ወርቅ ቤት ይለካልዎታል። ከዚያ ክዳኑን ከነጓርኒሲዮኑ በጎኑ ያቁሙት፤ ተንሳፋፊው መርፌዋን ሳይጫን ነካ ሲያደርጋት በእሱና በጓርኒሲዮኑ መካከል 6.5 ሚሊሜትር ይኑር። 6.5 ሚሊሜትር የሆነ የመሰርሰሪያ ጫፍ ካለዎት እንደ መለኪያ ያገለግላል። ተንሳፋፊው እስከመጨረሻው ሲወርድ ደግሞ የሚሄደው 8 ሚሊሜትር ነው። ሁለቱም የሚስተካከሉት ምላሱን በቀጭን ፒንሳ በማጠፍ ነው።

ስለ ማጠብ። ጄቶቹን ከማውጣትዎ በፊት የእንቁላል ትሪ ያዘጋጁ፤ እያንዳንዱን በተፈታበት ቅደም ተከተል በየጎድጓዳው ያስቀምጡ። የመጀመሪያውና የሁለተኛው ክፍል ጄቶች ቁጥራቸው ይለያያል፤ ከተቀያየሩ መኪናው ይነሳል፣ ግን አይሄድም። ጎማ ያለበትን ሁሉ ካወጡ በኋላ አካሉን የካርቡሬተር ማጠቢያ ይርጩት፤ ካላገኙ ቤንዚንና ቲነር እኩል ቀላቅለው ጥቂት ሰዓት ይዘፍዝፉት። ዲያፍራም (ስስ የጎማ ሽፋን) ቲነር ከነካው ያብጣል። ጄት በብረት ሽቦ አይጎረጎርም፤ ከመብራት ገመድ ውስጥ አንዲት የመዳብ ክር መዝዘው ይጠቀሙ። ከዚያ ጎሚስታ ቤት ወስደው በኮምፕሬሰር ያስነፉት፤ መጀመሪያ ግን አየሩን መሬት ላይ ያስለቅቁት፤ ጋኑ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ኮሮላ ዲኤክስ ነው ያለኝ። ነዳጅ ስረግጥ መጀመሪያ ትንገዳገዳለች፤ ከዚያ ትሄዳለች።
(ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ)

መልስ፦ ሞተሩን አጥፍተው የአየር ማጣሪያውን ያውልቁና ወደ ካርቡሬተሩ ጉሮሮ እያዩ የነዳጅ ገመዱን በእጅዎ ይሳቡ። ቤንዚኑ ወዲያው፣ ቀጥ ባለ ክር ሆኖ መፍሰስ አለበት። ዘግይቶ ከመጣ ወይም ከተንጠባጠበ የአክስለሬተር ፓምፑ ጎማ ደርቋል፤ በጥገና ኪት ውስጥ ይገኛል። በደንብ ከፈሰሰ ካርቡሬተሩን ተዉት፤ ፑንቲናውንና (የማቀጣጠያውን መገናኛ ነጥብ) ካንዴላውን ይዩ። ካርቡሬተር እየተባለ ከሚፈታው ችግር ቀላል የማይባለው ክፍል የማቀጣጠያ ችግር ነው።

የቤንዚኑን ከፍታ ለማየት መፍታት አያስፈልግዎትም። የኮሮላዎ ካርቡሬተር ጎኑ ላይ ትንሽ ክብ መስታወት አለችው፤ ሞተሩ እየሠራ ቤንዚኑ ከመስታወቷ መሐል ምልክት ላይ መቆም አለበት። መስታወቷ ጠቁራ ካላሳየች በጨርቅና በቤንዚን ያብሷት። ያችን መስታወት ሳያይ ካርቡሬተሩን የሚፈታ መካኒክ ገና ብዙ ይቀረዋል።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጌ ወደ ሚሌ እመላለሳለሁ። ፒክአፕ ነው፤ ባለ ካርቡሬተር። ቆላ ስደርስ በቀትር ይጠፋብኛል፤ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ይነሳል። ደሴ ላይ ጄት አስቀንሼ ነበር።

መልስ፦ ሁለት ነገር ተደርቦብዎታል። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ መነሳቱ ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ፈልቶ ወደ ጋዝ መለወጡን ያሳያል፤ ፓምፕ ጋዝ መግፋት አይችልም። የቤንዚኑ ቱቦ በማርሚታው ወይም በቴስታታው (በሞተሩ ራስ) አጠገብ የሚያልፍ ከሆነ ያርቁት፤ ማራቅ ካልተቻለ ሙቀት በሚከላከል ሽፋን ይጠቅልሉት፤ በካርቡሬተሩ ሥር ያለው መከላከያ ሳህንም መኖሩን ያረጋግጡ። መንገድ ላይ ሲጠፋ እርጥብ ጨርቅ ፓምፑና ቱቦው ላይ ማድረግ ይረዳል። በጋለ ካርቡሬተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አያፍስሱ፤ የዚንኩ ቅይጥ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ሁለተኛው ጄቱ ነው። ሚሌ ከደሴ በ2,000 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለች ናት፤ አየሩ ይከብዳል። ለደሴ የተቀነሰው ጄት እዚያ 9 በመቶ ያህል ቤንዚን ያጎድላል፤ የጎደለበት ሞተር ደግሞ ይግላል፤ ካንዴላው አመድ ይመስላል፤ ሲቆይ ቫልቭ ያቃጥላል። የቀድሞውን ጄት አልጣሉትም ብለን እናስባለን። በትንሽ ጠርሙስ ይያዙት፤ ዋናው ጄት ከውጭ በሚከፈት ብሎን በኩል የሚደረስ ከሆነ ኮምቦልቻ ላይ መቀየሩ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሲመለሱ ሽቅብ ላይ ጉልበት ያነሰው መስሎ ቢታይዎ አይደንግጡ፤ ከፍታው ብቻ ከሞተሩ ጉልበት ሩቡን ያህል ይወስዳል፤ ለዚህ የሚሆን ጄት የለም።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ሁለት ዓመት ቆማ ነበር። ልጁ በሃይላንድ ቤንዚን ካርቡሬተሩ ላይ እያፈሰሰ ያስነሳታል። ቤንዚኑንም ከጀሪካን ነው የምንገዛው። ምን ትመክሩኛላችሁ?
(እናት፣ ከደሴ)

መልስ፦ እትዬ፣ ማፍሰሱን ዛሬውኑ ያስቁሙት። ሞተሩ በካርቡሬተሩ በኩል አንዴ ካስነጠሰ እሳቱ የሚወጣው ጠርሙሱን የያዘው እጅና ፊት ላይ ነው። ማስገባት ግድ ከሆነ በስሪንጅ 5 ሚሊ ሊትር ብቻ ያስገባ፤ ጠርሙሱን ያርቅ፤ የአየር ማጣሪያውን ይመልስ፤ ከዚያ ያስነሳ።

ሁለት ዓመት የቆየ ቤንዚን ጄቱ ውስጥ እንደ ሙጫ ይደርቃል፤ ስለዚህ ሰርባቶውን ባዶ አድርጎ፣ ማጣሪያውን ቀይሮ፣ ካርቡሬተሩን ከላይ ለላዳው እንደገለጽነው ማጠብ ነው። ከታች ነጭ ዱቄት መሳይ ነገር ካለ ውሃ አድሮበታል። አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅሎ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ መዘፍዘፍ ያነሳዋል፤ ከዚያ በላይ አቼቶው ራሱ ቅይጡን ይበላል። በሙቅ ውሃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይድረቅ።

የጀሪካኑን ቤንዚን ከመሙላትዎ በፊት ጥርት ባለ የመስታወት ጠርሙስ ቀድተው አሥር ደቂቃ ያስቀምጡት። ውሃ ካለበት ከሥር ተለይቶ ይቀመጣል። ላምባ የተቀላቀለበት እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ያድርጉ፤ ንጹሕ ቤንዚን ወዲያው ተንኖ ምልክት አይተውም፤ ላምባ ያለበት የቅባት ክብ ይተዋል። ክቡን ካዩ ያንን ጀሪካን ይመልሱት።